የመጀመሪያው ድምፅ

እኛ ፋራይ ውስጥ አምላክ የሚናገረው በሰው አፍ ነው። የካህን አፍ ማለቴ አይደለም፤ ያገኘውን አፍ ነው የሚጠቀመው፤ የዓሣ ሻጩን፣ የሰካራሙን፣ ከባሏ ጋር የተጣላችውን። ሌሎች ከተሞች ዋሻ አላቸው፣ ጭስ አላቸው፣ ራሷን ስታ የምትለፈልፍ ድንግል አለቻቸው። እኛ ያለን ገበያችን መሀል የቆመ የመንገድና የመልእክት አምላክ የሄርሜስ ጢማም የድንጋይ ሐውልት ነው፤ ቁመቱም ከኔ አይበልጥም።

ጉዳይ ያለው ሰው ጀንበር ስትጠልቅ ይመጣል። ሐውልቱ እግር ሥር ያሉትን የነሐስ መብራቶች ዘይት ሞልቶ ይለኩሳል፣ ሳንቲሙን ያስቀምጣል፣ ጆሮው ሥር ጠጋ ብሎ ጥያቄውን ያንሾካሹካል። ከዚያ የራሱን ጆሮዎች በመዳፎቹ ድፍን አድርጎ ይወጣል። የገበያውን ድንበር ሲያልፍ እጆቹን ያወርዳል፤ መጀመሪያ የሰማው የሰው ድምፅ የአምላኩ መልስ ነው። ድንበሩን የሚያሳየው ድንጋይ ደግሞ የቆመው እኔ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። አንዱ ሚስት ላግባ ወይ ብሎ ጠይቆ ሲወጣ፣ እኔ ፍየሌን “አንቺ ሌባ፣ ደግሞ መጣሽ?” ስላት ሰማኝና ሳያገባ ቀረ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ያመሰግነኛል።

ሕጉ አንድ ነው። የጠያቂውን ጉዳይ የማያውቅ ሰው እንዳሻው ያውራ። ጉዳዩን የሚያውቅ ግን በዚያ ሰዓት አፉን ይይዛል። አውቆ የተናገረ ሰው ከአምላኩ አፍ ቃል ሰረቀ ይባላል፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ምን እንደሚደርስበት ማንም አያውቅም፣ ምክንያቱም አደረግሁ ብሎ የተናገረ የለም። እኔን ጎርጎን፣ የተቆላ ሽምብራ የምሸጠውን፣ አፌ ሥራ መፍታት የማይወደውን ሴት፣ አምላኩ ከሰው ሁሉ መርጦ የዚያ ድንጋይ ጎረቤት አደረገኝ። ባሌን ባሕር በላው፤ ልጅ አልወለድኩም። የቀረኝ ወሬ ነበር፣ እሱንም በመሸ ቁጥር እየፈራሁ ነው የማወራው።

ከኔ ቀጥሎ ያለው ቤት የአርኪፓ ነው። ግድግዳችን አንድ ነው። እሷም እንደኔ ባሏን ቀብራ ብቻዋን የቀረች፣ ሱፍ ፈትላ ጨርቅ ሠርታ የምትኖር ሴት ናት፤ በአፍ ግን አንገናኝም። ሰዎች እያወጉ ድንገት ጸጥ ሲሉ እኛ ጋ “ሄርሜስ ገባ” ይባላል። አርኪፓ ቤት ሄርሜስ የገባው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ፣ ሲወጣ ያየው ግን የለም። እንዲህ እያልኩ አበሽቃታለሁ። እሷ ፈገግ ትላለች፣ ክሯን ትጎትታለች፣ አለቀ።

አንድ የጸደይ ቀን ሁለታችን ወንዝ ወርደን ሱፍ አጥበን ስንመለስ፣ መንገደኛ ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ እየጣለበት ያለፈው የሄርሜስ ክምር አጠገብ አንድ ቋጠሮ አየን። መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘ ነገር የሄርሜስ ስጦታ ነው፤ አብሮ የነበረ ሰው ቀድሞ “የጋራ ነው” ካለ ግማሹ ይደርሰዋል። እኔም ልማድ ሆኖብኝ፣ ሳላየው “የጋራ ነው!” አልኩ። ቋጠሮው ማልቀስ ጀመረ። ቀይ ጥለት ባለው ጨርቅ የተጠቀለለች ሴት ልጅ ነበረች፤ እትብቷ እንኳ ገና አልደረቀም።

አርኪፓ ሱፉን ከጭንቅላቷ አውርዳ እኔ ላይ ጫነችና ልጅቷን አነሳች። ያን ለት ሁለት ሰው የሚሸከመውን እርጥብ ሱፍ ብቻዬን ተሸክሜ ቤት ደረስኩ፤ አንገቴ ለሳምንት አልዞረልኝም። ስሟን ሄርማያ አለቻት፣ በአምላኩ ስም። ገበያተኛው ደግሞ “ጎርጎ፣ ያንቺ ግማሽ የቱ ነው?” እያለ ዕድሜዬን ጨረሰው። “የሚበላው ግማሽ ነዋ!” እላለሁ። እውነትም ነበር፤ ሽምብራዬን የጨረሰችው እሷ ናት።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ከባድ ነው። አርኪፓ ያቺን ልጅ አንድም ቀን “ልጄ” ብላት አታውቅም። ዳቦ ትቆርስላታለች፣ ታለብሳታለች፣ ስትታመም ወለሉ ላይ አጠገቧ ቁጭ ብላ ታድራለች፤ ስትጠራት ግን “ሄርማያ” ነው። እኛ ጋ እንዲህ የሚፈራ አለ። አምላኩ መንገድ ላይ ያስቀመጠልህን ነገር የኔ ካልከው፣ ለካ እዚያ ነው የረሳሁት ብሎ ይመጣል ይባላል። እኔ አላምንበትም፤ አርኪፓ ግን ታምናለች። ልጅቷ ገና ትንሽ ሳለች አንድ ቀን ሽምብራ እያፈሰች “እትዬ፣ ለምንድነው ልጄ የማትለኝ?” ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የማይረባ ቀልድ ቀልጄ አሳለፍኩት። ልጆች ሲጣሏት “ከመንገድ የተለቀመች!” ይሏት ነበር። እቤት ገብታ የሚያጽናናት ቃል ብትፈልግ የምታገኘው ትኩስ ምግብና ዝምታ ነው።

አድጋ ለባል የደረሰች ጊዜ፣ ሊኮን የሚባል ሰው በቅሎ በሚጎትተው ጋሪ ከቆሮንቶስ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ አልዋሽም። ይዞት የመጣው ታሪክ ግን እንደ ድንጋይ ወደቀብን። እህቱ ወልዳ ነበር፣ ባሏ ሴት ልጅ አንፈልግም ብሎ ሕፃኗ እንድትጣል አዘዘ፣ አገልጋይዋ ወሰደቻት። ባልየው ሞተ፤ የቀሩትን ልጆች ወረርሽኝ ወሰዳቸው። ያቺ አገልጋይ አርጅታ ልትሞት ስትል፣ ሕፃኗን ሰው እንዲያገኛት ብላ ፋራይ መንገድ ላይ ካለው የሄርሜስ ክምር ሥር እንዳስቀመጠቻት ተናዘዘች። ቀይ ጥለቱን ራሷ እናቲቱ ነበረች የሠራችው። ሊኮን ያንኑ ጥለት የያዘ ሌላ ጨርቅ ከጋሪው አውጥቶ አሳየን። አርኪፓ አንዴ አይታው ዓይኗን መለሰች፤ ሸማኔ ናት፣ የእጅ ሥራ አይሸሸጋትም።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሊኮን አስገድጄ አልወስዳትም አለ፤ እህቴ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት፣ ባዶ ክፍሎች እየዞረች ትውላለች፣ ይህን ብቻ ተናግሬ ልመለስ ብሎ ነበር የመጣው። ነገሩን የቆረጠው ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባባ ዴክሲያስ ነው።

“ያስገኛት ሄርሜስ ነው፤ ሄርሜስ ይጠየቅ” አለ። “ጠያቂዋም ራሷ ትሁን።”

ሁሉም ጥሩ ፍርድ ነው ብለው ጢማቸውን እያሻሹ ወደየቤታቸው ሄዱ።

እስከ ተቆረጠው ቀን ድረስ በዚያ ቤት ያለውን ነገር በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ነበር፤ ማለትም ምንም አልሰማሁም። ሁለቱ አንድ ሰፊ ጨርቅ ጀምረው ነበርና ከሽመና ዕቃው ፊት እየተላለፉ ክሩን ይቀባበላሉ። ሰፊ ጨርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዷ ከግራ ትሰጣለች፣ ሌላዋ ከቀኝ ትቀበላለች። እግራቸው ሲመላለስ ይሰማኛል። ድምፅ ግን የለም።

ሄርማያ ወንዝ ዳር አግኝታ ያዘችኝ። ውስጡ ባዶ በሆነ አሮጌ ዛፍ ግንድ ውስጥ ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር።

“ምን አለችሽ?” አለችኝ።

“ራሷን አትጠይቂያትም?”

“ሂጂም አላለች፣ ቅሪም አላለች። ትናንት ጫማዬን ሰፍታ ሰጠችኝ። ለመንገድ ይሁን ለቤት አላወቅሁም።”

ሄጄ አርኪፓን ያዝኳት። ምን ነካሽ፣ ቅሪ በያት፣ አንድ ቃል ነው አልኳት። ክሯን እየጎተተች፣ ቆሮንቶስ ያለው ቤት ግቢው ውስጥ የራሱ ውሃ አለው ይላሉ አለችኝ። እኔ ቅሪ ብላት ትቀራለች፤ ለኔ ስትል ትቀራለች፤ ከዚያ ሲከፋት በኔ ማሳበብ እንኳ አትችልም፣ ጥሩ ልጅ ናትና። ስለዚህ አምላኩ ይንገራት አለች። እዚህ ሰፈር ከገባሁበት ዓመት ጀምሮ ከአፏ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር እሱ ነበር።

ያ ማታ ደረሰ። ሌላ ጊዜ ጀንበር ስትጠልቅ መንገዳችን በወሬ ይሞላል። ያን ለት ግን ከተማው ሁሉ የሄርማያን ጉዳይ ስለሚያውቅ ከተማው ሁሉ አፉን ያዘ። እናቶች ዝም እንዲሉላቸው የልጆቻቸውን አፍ በበለስ ሞሉት። ዘይት ሻጩ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ከንፈሩን በጣቱ ይዞ ነበር፤ ያ አሽሟጣጭ። ብዙ ሰው እያለ ሰው የሌለበት መንገድ አይቼ የማውቀው ያን ለት ነው።

እኔ አርኪፓ ቤት ገባሁ፤ ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም። በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። እኔ ደግሞ በሹክሹክታ ነዘነዝኳት።

“እሱ ራሱ ሌባ አይደለም ወይ?” አልኳት። “ማለዳ ተወልዶ፣ ቀትር ላይ ከኤሊ ቅርፊት ክራር ሠርቶ፣ ማታ የታላቅ ወንድሙን ላሞች የነዳ አምላክ! ዱካ እንዳይታወቅበት ላሞቹን የኋሊት ያስኬደ! ሲይዙት እኔ ትናንት የተወለድኩ ሕፃን ነኝ ብሎ የማለ! አንድ ቃል ብትሰርቂው ዘመዴ ናት ብሎ ይስቃል እንጂ ምን ያደርግሻል?”

“እሱ የሰረቀው ወንድሙን ነው” አለች አርኪፓ። “እኔ የምሰርቀው እሱን ነው።”

ከዚያ የእግር ኮቴ ሰማን።

በሩ ከታች ክፍተት አለው። የሄርማያን እግሮች አየናቸው፤ የተሰፋውን ጫማ አድርጋለች። ከኔ ቤት በኩል መጡ፣ ድንጋዩን አለፉ፣ ከዚያ በአርኪፓ በር ፊት ቆሙ። ጫፋቸው ወደ እኛ ነበር። እጆቿን አውርዳ ይሁን ገና ጆሮዋን ይዛ አይታየንም። ደረቴ ውስጥ ቃሉ ተነስቶ ጉሮሮዬ ደረሰ፣ “ግቢ” የሚል ነበር። አፌን ስከፍት የአርኪፓ እጅ ከደነው። ጠንካራ እጅ ነው፣ የሱፍ ቅባት ይሸታል። ዓይኗን ሳየው እንባዋ አገጯ ደርሷል፤ እጇ ግን አልላላም።

እግሮቹ ቆሙ። ቆሙ። አንደኛው ትንሽ ወደ ፊት ፈቀቅ አለና ተመለሰ።

ከታች ከወንዙ መንገድ በኩል የማናውቀው ሰው ድምፅ መጣ። ስለኛ ምንም የማያውቅ መንገደኛ፣ እንቢ ያለችውን በቅሎ እየጎተተ።

“ነይ እንጂ!” አላት። “ምን ያስቆምሻል? መንገዱ ገና ነው።”

እግሮቹ ዞረው ሄዱ። አርኪፓ አፌን ለቀቀችኝ። ጆሮዋን እንደያዘች ነው የቆመችው አለችኝ፣ ቤቱን ልትሰናበት ነው። እኔም አመንኳት፤ ወይም ማመን ቀለለኝ።

በነጋታው ሊኮን በቅሎውን ጠመደ። አርኪፓ አዲስ ካባ አለበሰቻት፣ የአንገቱን መርፌ ቁልፍ ራሷ ሰካችላት፣ ከትከሻዋ ላይ የሌለ ብናኝ አራገፈች። “ደህና ሁኚ፣ ሄርማያ” አለች። ልጅቷ ሌላ ነገር የምትጠብቅ መስላ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ጋሪው ላይ ወጣች። እኔ ቋጠሮ ሽምብራ ወረወርኩላትና መንገድ ላይ ሁሉንም እንዳትጨርሺው ብዬ ጮህኩ። አለዚያ ማልቀሴ ነበር።

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ስለ ብርዱ አይደለም የማወራው። የተጀመረው ሰፊ ጨርቅ እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ አንድ ሰው ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ሮጦ ክር ማቀበል አይችልም። አርኪፓ ጠባብ ጠባብ መታጠቂያ መሥራት ጀመረች። እኔ ክሩን ላቀብልሽ ብዬ አንዴ ሞከርኩ፤ እጄ የሽምብራ እጅ ነው፣ ጨርቁን አበላሸሁት። አልተቆጣችኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በግድግዳው በኩል ስታስል እሰማለሁ፣ ገንዳውን ስታስቀምጥ እሰማለሁ። ማታ ማታ ጠያቂዎች መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያልፋሉ፤ ስለ ከብት፣ ስለ መርከብ፣ ስለ ልጅ ያንሾካሸኩለትን ሁሉ ያ ድንጋይ ተሸክሞ ዝናብ ይወርድበታል። የሁሉንም ሰው መልእክት ያደርሳል፤ እንዴት ዋልክ ብሎ የጠየቀው ግን አንድም ሰው የለም። ያን ክረምት አዘንኩለት።

ብርዱ ሊያልፍ ሲል ሶታስ መጣ፤ ሸክላ እየዞረ የሚሸጥ የቆሮንቶስ ሰው ነው። ሶታስ መልእክት በቃሉ ይዞ ያመጣል። አንዲት ቃል አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ለዚህ ነው የታመነው። ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ ሽምብራ ከበላ በኋላ፣ ከሄርማያ ለብቻሽ የተላከ ነገር አለኝ አለና ዓይኑን ጨፈነ።

“እትዬ ጎርጎ፣ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ሴትየዋ ደግ ናት፣ ስተኛ መጥታ ታየኛለች። እማዬ ደህና ናት ወይ? ያን ማታ በሩ ላይ ስቆም ጆሮዬን ለቅቄ ነበር። ድንጋዩን ሳልፍ አልለቀቅሁትም፤ በራችን ፊት ስደርስ ነው እጄን ያወረድኩት፣ የመጀመሪያው ድምፅ የሷ እንዲሆን። ውስጥ እንደነበረች አውቃለሁ። ብታስል እንኳ እቀር ነበር። አልከፋኝም በያት።” እዚህ ላይ ሶታስ ትንፋሽ ወሰደ። “አይ፣ ተይው። ምንም አትበያት፣ ታዝናለች።”

ዓይኑን ገለጠና “አለቀ” አለኝ። “መልስ አለሽ?”

ለሷ ቋጠሮ ሽምብራ አስያዝኩት።

አትበያት ተብያለሁ፣ ስለዚህ አላልኳትም። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆዴ ግን እንዲህ ያለ ነገር ለመያዝ አልተሠራም። አርኪፓን ባየሁ ቁጥር ያ የከደነኝ እጅ ትዝ ይለኛል፤ ከፊቷ እሸሽ ጀመር። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ግድግዳ፤ እዚህ ማዶ እኔ ብቻዬን፣ እዚያ ማዶ እሷ ብቻዋን። ቆሮንቶስ ያለችው ደግሞ እማዬ የምትለውን ሰው ትታ የማታውቀው ሰው ቤት ውስጥ ተኝታ ትታያለች።

አንድ ቀን ከሰዓት አርኪፓ ራሷ መጣች። ዛሬ ሄርሜስን ልጠይቀው ነው አለችኝ። ሄጄ ከሩቅ ባያት ይፈቀድልኛል ወይ ብዬ ልጠይቀው ነው፤ ለማነጋገር አይደለም፣ ከሩቅ፣ ገበያ ስትወጣ። ይህን ስትለኝ እንደ ልጅ አፍራ ነበር። ከዚያ አስጠነቀቀችኝ፤ አሁን ጉዳዬን አውቀሻል፣ እንግዲህ ማታ ቤትሽ ግቢና አፍሽን ያዢ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ሲመሽ ዝናብ ጣለ። በሬን ከፍቼ አየሁ፤ መንገዱ ላይ ፍጡር የለም። ዘይት ሻጩ ዘግቷል፣ በቅሎ ነጂ የለም፣ ሰካራሙ እንኳ የት እንደገባ እንጃ። ይህች ሴት ጠይቃ፣ ጆሮዋን ይዛ ወጥታ፣ እጇን አውርዳ ምንም ሳትሰማ ቤቷ ልትገባ ነው። ከዚያ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ዝም አለኝ፣ አይፈቀድልሽም ማለቱ ነው ትላለች። እስክትሞት ድረስ ጠባብ መታጠቂያ ትሠራለች።

ነጠላዬን ጭንቅላቴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁና ድንጋዩ አጠገብ ቆምኩ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። አምላኩ በጨለማው ውስጥ ከመብራቶቹ በላይ ጢሙ ብቻ ይታየኛል። አንተም ታውቃለህ፣ የሆነውን ሁሉ አይተሃል፣ አልኩት በልቤ፤ ልጅቷ ጆሮህ ሥር ያንሾካሾከችውን አንተ ነህ የሰማኸው። አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ።

አርኪፓ መጣች። መዳፎቿ ጆሮዋ ላይ፣ ክርኖቿ እንደ ዶሮ ክንፍ ወጥተው፣ ዝናቡ በክንዷ ላይ ይወርዳል። ድንጋዩን ስታልፍ አየችኝና ቆመች። ራሷን ነቀነቀች፤ አትናገሪ ማለቷ ነው። እጇን አላወርድ አለች። እኔም አልነቃነቅ አልኩ። እንዲህ ተፋጠን ቆምን፣ ሁለት እርጥብ አሮጊቶች። በመጨረሻ ክንዷ ዛለ።

“ጆሮዋን ለቅቃ ነው በርሽ ላይ የቆመችው” አልኳት። “ድምፅሽን ፈልጋ። ብታስይ ትቀር ነበር።”

አርኪፓ ጠጋ ብላ ፊቴን አየችው፤ ልትመታኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አልፋኝ ቤቷ ገባች። በግድግዳው በኩል ሳጥን ሲከፈት ሰማሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በትሯን ይዛ፣ ያንን ያላለቀ ሰፊ ጨርቅ ጠቅልላ ተሸክማ ወጣች። ተከትያት እስከ ከተማው በር ሄድኩ። ዘበኛው ደነገጠ፤ አርኪፓ ከፋራይ ወጥታ አታውቅም።

“እንዲህ በማለዳ ወዴት ነው፣ እማማ?” አላት።

“ልጄ ጋ” አለች።

ድምፅዋ ሰበር አለባት፣ ግን ጮክ ብላ ነው ያለችው። ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ መንገዱን ያዘች። የሄርሜስ ክምር ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ድንጋይ ስትጥል ከሩቅ አየኋት።

ሶታስ በመከር ሲመለስ ሁሉንም ነገረኝ። ቆሮንቶስ ደርሳ በሩን ሳታንኳኳ ከውጭ ሆና ጠራቻት፣ “ልጄ!” ብላ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ። ሄርማያ በባዶ እግሯ ወጣች። ያቺ የወለደቻት ሴት መጀመሪያ አለቀሰች፣ ኋላ ግን ቤቴ ባዶ ክፍል ሞልቶታል ብላ አርኪፓንም አስገባቻት። ሰፊውን ጨርቅ ጨርሰው ሌላ ጀምረዋል፤ ሦስት እጅ ስላላቸው ይፈጥናሉ አለኝ። አይመለሱም። ነይ ብለውኛል፣ እግሬ ግን እዚያ የሚያደርስ አይደለም፤ ደግሞስ ሽምብራዬን ማን ይቆላል?

የሰረቅሁትን ቃል አልመልስም፣ ይቅርታም አልጠየቅሁም። አምላኩም እስካሁን ምንም አላደረገኝም፤ የሚያደርገኝ ይህ ካልሆነ። አሁን ማንም ጉዳዩን አይነግረኝምና በመሸ ጊዜ እንዳሻኝ መናገር እችላለሁ። የማናግረው ሰው ነው የሌለው። በዚያ ግድግዳ ማዶ የሚያስል የለም፣ ገንዳ የሚያስቀምጥ የለም። ቤቱን እንከራይ ብለው የመጡ ነበሩ፤ ሕፃናት ያሏቸው፣ ጥሩ ሰዎች። ጣራው ያፈሳል ብዬ መለስኳቸው።

በቀደም ማታ ሽምብራውን ከእሳት አውርጄ ደጄ ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ጆሮውን ይዞ ከገበያው ወጣ፤ ከሩቅ የመጣ ይመስላል፣ ልብሱ አቧራ ነው። አላየሁትም ነበር። ራሴን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርጌ፣ “አርኪፓ፣ አለሽ?” አልኩ።

ቀና ስል ሰውየው እጆቹን አውርዶ ድንጋዩ አጠገብ ቆሟል። ፊቱ ተለዋወጠ። መልስ ይመጣ እንደሆነ ብሎ ከኔ ጋር ትንሽ አዳመጠ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝና ሄደ። ምን ብሎ ጠይቆት እንደነበር አላወቅሁም።